ደጋሚው ይነሳ

«ደጋሚው ይነሳ» አሉ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ።

እኔ ገና ከመድረኩ አልወረድኩም። ጭብጨባው ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጉሮሮዬ ደርቆ የውሃውን ብርጭቆ ወደ አፌ እያስጠጋሁ ነበር። ከአዳራሹ ግራ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አንድ ረጅም ሰው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ አንገቱ ተዘረጋ። እንዲህ አድርጎ የሚነሳ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ አውቃለሁ።

ቀጭኔው ነበር። የእኔው ቀጭኔ፣ የምወደው ሰው።

ብርጭቆውን መቼ እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ውሃው ቀሚሴ ላይ መፍሰሱን ግን አውቃለሁ፣ ቀዝቅዞኛል። ሰው ክፉኛ ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ሁልጊዜ የሞኝ ሐሳብ ነው። የኔው «ተሳስቶ ነው የተነሳው፣ ምስኪን፣ ሰው ሳይስቅበት ይቀመጥ» የሚል ነበር። በዓይኔ «ተቀመጥ» አልኩት። አልተቀመጠም። ዓይኔን እንኳ አላየም፤ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ነበር የሚያየው።

ያኔ ገባኝ። ደጋሚዬ እሱ ነው።

* * *

ደጋሚ ስል ድግምት የሚደግም ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ምንም እንኳ ያደረገኝ ነገር ከዚያ ባይሻልም። እኛ ዘንድ በፋይናንስ የምርምር ሁለተኛ ዲግሪ የሚሠራ ሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ፈተና ተፈትኖ አይወጣም። አንድ ጥያቄ ይዞ ይገባል፣ ከጥያቄው ጋር ሲታገል ይከሳል፣ ከቀናው መልስ ይዞ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ግን ሥራው ስሙ ተሰርዞ በዕጣ ለአንድ የክፍል ጓደኛው ይሰጣል። ያ ሰው ስሌቱን ከሥሩ ይደግማል፤ ከተጠኑት ቦታዎችም ከፊሉን በእግሩ ሄዶ ያያል። ማን የማንን እንደሚደግም ከኃላፊውና ከጸሐፊዋ በቀር የሚያውቅ የለም። ለዚህ ሲባል ርዕሳችንን እንኳ እርስ በርስ አንነጋገርም። እናቶቻችን እርግዝናቸውን እንዲህ አልደበቁም።

በአደባባይ ቀን ባለሥራው ተናግሮ ሲጨርስ ደጋሚው ከሕዝቡ መሃል ይነሳና ከሁለት ቃል አንዱን ይላል፤ ወይ «ወጥቷል»፣ ወይ «አልወጣም»። «ወጥቷል» ከተባለ ዘመድ አዝማድ እልል ይላል። «አልወጣም» ሲባል ግን እኔ በተማርኩበት ጊዜ ሁሉ ሰምቼ አላውቅም።

ባለሥራና ደጋሚ በጸሐፊዋ በኩል ብጣሽ ወረቀት ይላላካሉ፤ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ፊርማ የሌለው። የኔ ደጋሚ የላከልኝ የመጀመሪያው ወረቀት «መረጃዎ ንጹሕ ነው፤ ግን የተዘጉት ሱቆች የት አሉ?» ይላል። ነደደኝ። «እኔ የማጠናው ሱቅ ነው፤ መቃብር አይደለም» ብዬ መለስኩ። በማግስቱ መልስ መጣ፤ «ሱቅ ሲዘጋ መቃብር እንኳ የለውም። የጠየቅሁትም ለዚህ ነው።» እኔም «ጊዜ ከተረፈዎ ሌላ ሰው ይድገሙ» ብዬ ዘጋሁት።

ወረቀቱን ለማንም አላሳየሁም፤ ሕግ ሕግ ነው። መራገም ግን ማን ይከለክለኛል? ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለችው ሻይ ቤት፣ እግሯ የሚወላገደው ጠረጴዛ ላይ፣ ከቀጭኔው ፊት ቁጭ ብዬ ደጋሚዬን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እረግመው ነበር። ስም አውጥቼለታለሁ፤ «ተባዩ» ነው የምለው።

«እኔ የምደግመውም አይሻልም» ይለኝ ነበር ቀጭኔው ስኳሩን እያማሰለ። «ግትር ነው። አንድ ነገር ስጠይቀው እንደ ኮርማ ይወጋኛል።»

«ወንድ ነው?»

«እንጃ፤ ከንዴቱ ወንድ ይመስለኛል።»

«ያንተን ግትርና የኔን ተባይ አንድ ክፍል ቆልፈን ብንተዋቸው!»

«አንዱ አንዱን በልቶ እንገላገል ነበር፣ ጠበቃዬ።»

ጠበቃዬ ነው የሚለኝ፣ ክርክር ስለምወድ። በዚያ ቀን እንዴት እንደሳቅን! ግንባራችን እስኪጋጭ ነው የሳቅነው። ጭቅጭቁም ፍቅሩም በዚያች ወላጋዳ ጠረጴዛ ላይ እየተደረገ እንደነበር ማን ሊያውቅ ይችላል?

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ጫማው አቧራ ለብሶ መጣ። ስለ ተባዩ ልራገም ስጀምር አልሳቀም። አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው ዘመዱን እንደሚያይ አድርጎ አየኝ።

«ተባይሽን ተዪው» አለኝ።

«አንተ ምን አገባህ?»

«ምናልባት ሥራውን እየሠራ ይሆናል።»

ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜና እሁድ «ጉዳይ አለኝ» ማለት አመጣ። ምን ጉዳይ ብለው ዝም ይላል። እኔ ደግሞ ዝም ያለን ሰው በራሴ ወሬ መሙላት ልማዴ ነው። እናቱ ሌላ አግኝተውለታል ብዬ ደመደምኩ። ከእኩያቸው ቤት የወጣች፣ ስትራመድ የማትሰማ፣ የማትከራከር። ትራሴን ነክሼ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

* * *

እናቱን አንዴ ብቻ አግኝቻቸዋለሁ። ከወንድሞቻቸውና ከእህቶቻቸው ጋር የወረሱትን ድርጅት በሊቀመንበርነት ይመራሉ፤ የትምህርት ክፍላችን በየዓመቱ ለአንድ ተመራቂ የሚሰጠውን የዶክትሬት ወንበር ወጪ የሚችለውም ይኸው ድርጅት ነው። ቢሯቸው ውስጥ ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው፤ አያት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት፣ ሁሉም ያንኑ አፍንጫ ይዘው። ያ አፍንጫ የምወደው ሰው ፊት ላይም ስላለ መጥላት አቃተኝ።

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አሉኝ።

«ልብስ ሰፊ ነበር።»

«ነበር?»

«አሁን አቁሟል።»

«ለምን?»

«ደክሞት» አልኩ።

እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «እኔ ሰው የምመዝነው በቤቱ አይደለም፤ በሥራው ነው። በአደባባይ ቀንሽ እመጣለሁ፣ የሠራሽውን እሰማለሁ። ስለ እናንተ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

እንዲህ ነው ነገሩ። ያ ቀን ለሌላው ተማሪ የዲግሪ ቀን ነው፤ ለኔ የሽምግልና ቀንም ነበር። ሥራዬ ከወጣ ወንበሩም ልጃቸውም የኔ ነው። ካልወጣ ወደ አባቴ ቤት፣ ወደዚያች ዝምታ።

አባዬ ደክሞት አይደለም ያቆመው። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በሽርክና አንድ ሱቅ ነበራቸው፤ በሱቆቹ ረድፍ መሃል፣ መስታወቱ ላይ ኮት የተሳለበት። አባዬ ይቆርጣል፣ አጎቴ ይጨርሳል። የአባዬ መቀስ የነካው ትከሻ የተሸከመውን ሰው ቀና ያደርገዋል። የአጎቴን የአዝራር ቀዳዳ የሚያህል ደግሞ ማንም አልሰፋም፤ አባዬ ራሱ «እኔ ቀዳዳ ላይ አልገባም» ይል ነበር። አጎቴ አንዲት ልማድ ነበረችው። የኮቱ ቀለም ምንም ይሁን ምን የግራ እጅጌውን የመጨረሻ ቀዳዳ በቀይ ክር ይሰፋታል። «ይቺ የኔ ናት» ይላል ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ፤ እኔ ጭኑ ላይ ቁጭ ብዬ እስቃለሁ።

ከዚያ ተጣሉ። ለምን እንደተጣሉ እስከ ዛሬ አጥርቶ የነገረኝ የለም። ሱቁ ተዘጋ። አባዬ ወንድሙን በስሙ መጥራት ትቶ «ያ ሰው» ይለው ጀመር፤ መቀሱንም በጨርቅ ጠቅልሎ ከሳጥን ሥር አስገባው፣ ዳግመኛ አልነካውም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በዘመዳሞች የተያዘ ሱቅ ይጸናል ወይስ በባዕዳን የተያዘ? አማካሪዬ ፕሮፌሰሩ «ለምን ይህን መረጥሽ?» ሲሉኝ «ብዙ ስላልተጠና» አልኳቸው። ረድፍ በረድፍ፣ ሱቅ በሱቅ ዞርኩ። የኛ የነበረው ሱቅም ደረሰኝ። አሁን የሁለት እህትማማቾች መነጽር ቤት ነው። የአባዬ የመቁረጫ ጠረጴዛ የነበረበትን ጥግ ሳላይ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ጥያቄዬን ጠይቄ ወጣሁ። ሁሉን ሰብስቤ ሳሰላው የዘመዳሞቹ ሱቆች ከባዕዳኑ ልቀው ታዩ፤ በትርፍም፣ በዕድሜም። ውጤቱ ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ አለቀስኩ። ዓለም ደህና ነው ማለት ነው። የአባዬና የአጎቴ ነገር አንድ ክፉ አጋጣሚ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

* * *

ዛሬ ጠዋት ገና ሳልጀምር እናቱ ወደ አዳራሹ ሲገቡ አየሁ። ልጃቸው አጠገብ ቆሙና ትከሻውን ዳሰስ አደረጉት።

«ይህን ኮት ማን ሰፋልህ? ዛሬ ገና ሰው መሰልክ!»

እውነታቸውን ነው። ቀጭኔው እጁ ከመርዘሙ የተነሣ የትኛውም የተገዛ ኮት አንጓው ላይ ደርሶለት አያውቅም። ሁልጊዜ የተውሶ የለበሰ ነው የሚመስለው። ዛሬ እጅጌው አንጓው ላይ ልክ ቆሟል፤ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ትከሻው ቀጥ ያለ። ምን ብሎ እንደመለሰላቸው አልሰማሁም። እኔ ግን በልቤ «ከዚያችኛዋ ቤት የመጣ ስጦታ ነው» ብዬ ጨረስኩት።

በዚያ እልህ ነው የተናገርኩት። አንድ ቃል አልተደናቀፈብኝም። የመጨረሻውን ሥዕል አሳይቼ «የሥጋ ዝምድና የንግድን ዕድሜ ያረዝማል» ስል መጀመሪያ ያጨበጨቡት እናቱ ናቸው። ፈገግ አሉልኝ። ያ አፍንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ተሸበሸበ። ወንበሩንም ባሉንም አማትንም በአንድ ጭብጨባ ያገኘሁ መሰለኝ።

ከዚያ ነው «ደጋሚው ይነሳ» የተባለው።

«አልወጣም» አለ ቀጭኔው።

ከውጭ የሚያልፍ መኪና ጥሩንባ ተሰማ።

«ስሌቱ ትክክል ነው» ቀጠለ። «የደገምኩት ቁጥር ሁሉ ይመጣል። ስሕተቱ ያለው ከስሌቱ በፊት ነው። ባለሥራዋ ያነጋገረችው ዛሬ በሩ ክፍት የሆነ ሱቅ ብቻ ነው። እኔ በየሱቁ እየገባሁ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ‹ከእናንተ በፊት እዚህ ማን ነበር?› አልኩ። ከዚያ የነበሩትን ሰዎች ፈልጌ በየቤታቸው ሄድኩ። እነሱን ጨምሬ ሳሰላው ውጤቱ ይጠፋል። ከመጥፋትም አልፎ ይገለበጣል።»

«እንዴት ይገለበጣል?» አሉ ኃላፊው።

«ባዕዳን ሲጣሉ አንዱ ድርሻውን ለሌላው ሸጦ ይወጣል፤ ሱቁ ይኖራል። ወንድማማቾች ሲጣሉ ግን አንዱም ለአንዱ አይሸጥም። ሱቁ ይዘጋል። ስለዚህ የተጣሉ ዘመዳሞች በጥናቱ ውስጥ የሉም። የቀሩት ያልተጣሉት ብቻ ናቸው፤ እነሱን አይተን ነው ዝምድና ያጸናል ያልነው።» ወረቀቱን ገለጠ። «ለምሳሌ ዛሬ መነጽር ቤት በሆነው ሱቅ ከዚህ ቀደም ሁለት ወንድማማች ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይጨርሳል። በረድፉ ውስጥ ከእነሱ የበለጠ ደንበኛ የነበረው ሱቅ እንዳልነበረ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ነግረውኛል።»

መድረኩ ከሥሬ የተሳበ መሰለኝ። የንግግር ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ስም አልጠራም፤ ግን ምን ቀረ? ጓዳዬን በሰው ሁሉ ፊት ከፈተው። እኔ ራሴ ጀርባዬን ሰጥቼ ያለፍኩትን ጥግ።

ከፊት ረድፍ የእናቱ ድምፅ መጣ። መጠየቅ የተፈቀደላቸው ፈታኞች ብቻ ናቸው፤ እሳቸውን ግን ማን ይከለክላቸዋል።

«እነዚያ ወንድማማቾች ዛሬስ ይነጋገራሉ?»

እናትና ልጅ ተያዩ። «እሱን አላጠናሁም» አለ።

* * *

ሕጋችን ለባለሥራው አንድ መልስ ይፈቅዳል። ወይ ይከላከላል፣ ወይ ይቀበላል። ፕሮፌሰሩ ከጎኔ ጠጋ ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ።

«አትደንግጪ። ‹የተዘጉ ሱቆች ከጥናቱ ወሰን ውጭ ናቸው› በያቸው። በውስንነቱ ክፍል አንድ አንቀጽ ትጨምሪያለሽ፣ ያልፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።»

እውነታቸውን ነው፣ ያልፋል። እንዲህ እየተባለ ስንት ሥራ አልፏል። ዓይኔ እናቱ ላይ ነበር፤ ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁልኝ፣ «በይ እንጂ» እንደሚል ሰው። እሱን አላየሁትም። እሱን ባየው እጮኻለሁ። የተናደድኩ ሰው ነኝ፣ ክርክር አውቃለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ምላሴ ላይ ነው። ቀና አልኩና ወደ አዳራሹ ጀርባ አየሁ፤ መናገር ስጀምር ሩቅ ማየት ልማዴ ነው።

ከኋለኛው አምድ አጠገብ አባዬ ተቀምጧል።

አትምጣ ብዬው ነበር። «ቁጥር ብቻ ነው የሚወራው አባዬ፣ ይሰለችሃል» ብዬው ነበር። የክት ልብሱን ለብሷል። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል፤ አልተደበቀም፣ አላፈረም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚያየኝ። ምን ያህሉን ሰምቷል? ሁሉንም። ማን አመጣው? አላውቅም።

«ባለሥራዋ?» አሉ ኃላፊው።

አፌን ከፈትኩ። «የተዘጉ ሱቆች…» አልኩ። «የተዘጉ ሱቆች ከጥናቱ…»

አባዬ እያየኝ ነው። ያ ሱቅ ከወሰኑ ውጭ ነው ልለው ነው እንግዲህ። እንጀራዬን ያበላኝ፣ ደብተሬን የገዛልኝ ሱቅ፤ በሰው ፊት አልነበርክም ልለው ነው። ስንቱን ተከራክሬ የረታሁ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ።

አባዬ አገጩን ትንሽ ከፍ አደረገ። ልጅ እያለሁ ወድቄ ስነሳ እንዲህ ያደርግ ነበር።

«ደጋሚው ልክ ነው» አልኩ። «አልወጣም።»

ፕሮፌሰሩ ከጎኔ ትንፋሻቸውን ሲለቁት ሰማሁ። ኃላፊው ጽፈው አነበቡ፤ የተዘጉት ሱቆች ተጨምረው ሥራው ከሥሩ ይታደሳል፣ የዘንድሮው የዶክትሬት ወንበር ለሌላ ይሰጣል። ሁሉንም ሰማሁ። ሌላ ሰው ላይ የተፈረደ ይመስል ነበር።

* * *

ሰው መውጣት ሲጀምር እናቱ ወደ መድረኩ መጡ። ቆመው አዩኝ፤ አሁን አፍንጫቸው አልተሸበሸበም።

«መከላከል ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«አባቴ ኋላ ተቀምጧል።»

ዞር ብለው አዩ። አባዬ ኮፍያውን ይዞ ከወንበሩ እየተነሳ ነው። «ልብስ ሰፊው?» አሉ ቀስ ብለው። «ደክሟቸው ነው ያቆሙት ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሽቼዎታለሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቦርሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ መልሰው አዛወሩ። «እኔም ወንድም አለኝ» አሉ። «ያንን ፎቶ ከግድግዳዬ ያላወረድኩት ሰው እንዳይጠይቀኝ ነው።» ከዚያ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉኝ ሄዱ። መረቁኝ ይሁን ጨረሱኝ እስካሁን አላወቅሁም። የመጡበት ግርማ ግን አብሯቸው አልሄደም፤ ከኋላ ሳያቸው አንዲት የደከማት ሴት ነበሩ።

ቀጭኔው ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ልሸሸው ፈለግሁ፣ ግን መውጫው አንድ ነው።

«አትንካኝ» አልኩት፣ ሳይነካኝ።

«እሺ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«አባትሽን ያገኘኋቸው ቀን። የመነጽር ቤቱ እህትማማቾች ሰፈራቸውን ነግረውኝ ሄድኩ። ሳሎናቸው ስገባ የምረቃ ፎቶሽ ከግድግዳው ያየኛል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ውሃ ደፋሁት።»

«ጫማህ አቧራ የነበረበት ቀን!»

«አዎ። በማግስቱ ለኃላፊው ነገርኳቸው። ‹ስሌትህን ቀድመህ አስገብተሃል፤ አሁን ብትወጣ የልጅቷ ሥራ ለሌላ ዓመት ያድራል። እስከ አደባባዩ አፍህን ዝጋ› አሉኝ።»

«አንተም ዘጋህ! ፊቴ ቁጭ ብለህ ተባዩን ስረግም እየሰማህ!»

«ስትረግሚኝ ነበር የሚቀለኝ» አለ። «ስትስቂልኝ ነው የማልችለው።»

ዓይኑ ቀልቷል። ልራራለት አልፈለግሁም። «‹ወጥቷል› ብትልስ? አንዲት ቃል! እናትህ ፈገግ ብለው ነበር፤ አይተሃቸዋል? ፈገግ ብለው ነበር!»

«ልዋሽ አስቤ ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፤ መዋሸቱን በልቤ ጨርሼው ነበር። የከለከሉኝ አባትሽ ናቸው።»

«አባዬ?»

«‹ልጄን ትወዳታለህ?› አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ‹ይህን ደብቀህ ብታገባት የኛን ሱቅ እንደገና መክፈታችሁ ነው። እንዴት እንደሚዘጋ እኔ አውቀዋለሁ› አሉኝ። ከዚያ ተነስተው ያን ቀን የለበስኩትን የድሮ ኮቴን አዩና ሳቁብኝ። ‹በዚህ እጅጌ ነው ልጄን የምትጠይቀው?› ብለው ሜትር ፈለጉ።»

ቃሉ አልገባኝም። ጆሮዬ ሰምቷል፣ ልቤ ግን ገና ደረጃ እየወጣ ነው። ሜትር? አባዬ? ያ መቀስ እኮ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ከሳጥን ሥር ነው ያለው። ስንት ጊዜ ስጠርግ አይቼዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ሳልነካው ትቼዋለሁ።

«ምን አልክ?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ኮቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ልመታው ነበር መሰለኝ፤ ግን እጄ ትከሻው ላይ ሲያርፍ አወቀው። ይህ ትከሻ ከሌላ ሴት ቤት አልመጣም። በልጅነቴ በየሰው ጀርባ ላይ የማየው፣ ሰውን ቀና የሚያደርገው የአባዬ ትከሻ ነው። ቅዳሜና እሁድ «ጉዳይ አለኝ» እያለ ልክ ሊሰጥ፣ ሊለካ፣ ሊሞክር አባቴ ቤት ይመላለስ ኖሯል። እኔ ደግሞ ትራሴን ስነክስ።

«ቆርጠው ሲጨርሱ ቀዳዳው ላይ ቆሙ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እጃቸው አልሄድ አለ። ‹እኔ ቀዳዳ ላይ አልገባም› አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። የት እንድወስደው አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።»

የግራ እጅጌውን አነሳሁት። የአዝራር ቀዳዳዎቹን በጣቴ ወደ ታች ተከተልኳቸው፤ ጥቁር ሰማያዊ ክር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር ሰማያዊ።

የመጨረሻዋ ቀይ ናት።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፣ እጅጌውን እንደያዝኩ፤ እሱም አብሮኝ ተጎትቶ ቁጭ አለ። «ይቺ የኔ ናት» የሚለው ድምፅ መጣብኝ፣ የክሩ መበጠስ፣ የጭኑ ሙቀት ሳይቀር።

«ወደ አጎትሽ ወሰድኩት። ጨርቁን ዘርግተው አንድ ጊዜ አዩት» አለ ቀጭኔው፤ «የማን መቀስ እንደሆነ አልጠየቁኝም። መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ ክር ማስገባት ጀመሩ። አጎትሽም አሉ ውስጥ። ከአባትሽ ጋር አልመጡም፤ አምዱ ማዶ ለየብቻ ነው የተቀመጡት።»

ዞሬ አየሁ። የአዳራሹ በር ክፍት ነው። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ በአምዱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። አይነጋገሩም፤ አንዱ አንዱን አያይም። ሁለቱም የሚያዩት ወደ ደረጃው ነው፣ ወደ ኮቱ። አባዬ ትከሻውን ይመረምራል፣ አጎቴ እጅጌውን።

«ጠበቃዬ» አለኝ ቀጭኔው። «አንድ ነገር በይኝ። ርገሚኝም ቢሆን።»

ወንበሬን አስወስዶኛል፣ የእናቱን ፈገግታ አስወስዶኛል፣ ሥራዬን ከሥሩ አፍርሶታል። ተናድጄበት ነበር፣ አሁንም ተናድጄበታለሁ፣ ነገም የምናደድበት ይመስለኛል። እጅጌውን ግን መልቀቅ አልቻልኩም።